ከጉልበት ቅየራ በኋላ እግር እንዳይከዳ፦ ስለ ነርቭ ማደንዘዣ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ ሰመመን መስጠት ነው። የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ስለሚጠብቃቸው ወላጆቻችሁ ከላካችኋቸው ጥያቄዎች የተወሰኑትን እነሆ።

ጥያቄ፦ እናቴን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንዳያማት ነርቯን እናደነዝዛለን አሉን። እግሯ አይንቀሳቀስም ማለት ነው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ማደንዘዣው ጊዜያዊ ነው። አንዴ ከተወጋ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ዋናው ነገር የሚወጋበት ቦታ ነው። ብሽሽት አካባቢ ፌሞራል ነርቭ ላይ ከተሰጠ ሕመሙን ጥሩ አድርጎ ያስታግሳል። ግን ጉልበትን የሚዘረጋው የጭን ፊት ጡንቻም አብሮ ይዝላል። ስትቆም ጉልበቷ ድንገት ሊታጠፍባት ይችላል። አዳክተር ካናል የሚባለው ግን ዝቅ ብሎ፣ በጭኑ መሃል በውስጥ በኩል፣ በአልትራሳውንድ እየታየ ይሰጣል። እዚያ ጋ ሲደረስ ወደ ጡንቻው የሚሄዱት አብዛኞቹ ቅርንጫፎች ተለይተው ሄደዋል። የሚደነዝዘው በአብዛኛው ስሜት ነው። ለእኔ እናት ቢሆን ይሄኛውን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ልዩነቱ ያን ያህል ነው?

መልስ፦ አዎ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ፣ በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ፌሞራሉ የጡንቻውን ኃይል በ49 በመቶ ሲቀንስ አዳክተር ካናሉ የቀነሰው በ8 በመቶ ነው።

ጥያቄ፦ አዳክተር ካናል ተሰጥቶኝ የጉልበቴ ጀርባ ግን በጣም አመመኝ። አልሠራም ይሆን?

መልስ፦ ሠርቶም ሊሆን ይችላል። የጉልበት ጀርባ በዋናነት ስሜቱን የሚያገኘው በጭን ጀርባ ከሚወርደው ሳያቲክ ነርቭ ነው። ለዚያ አይፓክ የሚባል ተጨማሪ መርፌ አለ፤ መድኃኒቱ ከጉልበት ጀርባ ባለው ደም ሥርና በመገጣጠሚያው ሽፋን መካከል ይረጫል። ሳያቲኩን ራሱን ማደንዘዝ ግን የእግር መዳፍን ሊያዝል ይችላል።

ጥያቄ፦ አባቴ "በርትቻለሁ" ብለው ብቻቸውን ሽንት ቤት ካልሄድኩ ይላሉ።

መልስ፦ በፍጹም አትፍቀድላቸው! አዳክተር ካናል ቢሰጣቸውም መድኃኒቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፌሞራሉ ሊሰራጭ ይችላል፤ የቀዶ ሕክምናው ሕመምና እብጠትም ጡንቻውን ያደክማል። መጀመሪያ አልጋ ላይ ጉልበታቸውን ሳያጥፉ ተረከዛቸውን ከፍራሹ ያንሱ። ካቃታቸው ገና ናቸው። ቢያነሱም በዎከር (ይዘውት በሚራመዱበት ድጋፍ)፣ ነርስ ወይም ፊዚዮቴራፒስት አጠገባቸው ሆኖ ይነሡ።

ጥያቄ፦ አስቀድመን ምን እንናገር?

መልስ፦ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ፣ ስኳር ካለባቸው፣ እግራቸው ቀድሞም ይደነዝዝ ከነበረ፣ ከዚህ በፊት ወድቀው ከሆነ ንገሩ። ከዚያ "የትኛውን ነው የምትሰጧቸው?" ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።