የኤልክ ሥጋ ለቤት ፍሪዘር፦ በቀስት ስለማደን ለጠየቃችሁኝ

በኮሎራዶ የምኖር አዳኝ ነኝ። መስከረም በቀረበ ቁጥር ከአውሮራና ከዴንቨር ያሉ ወገኖች ስለ ኤልክ ይጠይቁኛል። ኤልክ ከአጋዘን ወገን የሆነ፣ ትከሻው እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ የተራራ እንስሳ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቀንድ የምትፈልጉ ሌላ ሰው ጠይቁ። እኔ የምመልሰው ቤተሰቡ ከርሞ የሚበላውን ሥጋ ለሚፈልግ ነው።

ጋሼ፣ ኮሎራዶ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ያለ ዜግነት ፈቃድ ይሰጡኛል?

ዜግነት የሚጠይቅህ የለም። ስድስት ወር ሳታቋርጥ ከኖርክ በነዋሪ ዋጋ ትገዛለህ፤ ይህም ለኤልክ ከ100 ዶላር በታች ነው። ከሌላ ክፍለ ግዛት የሚመጣው ከ700 በላይ ይከፍላል። በብዙ የአደን ክልሎች ነዋሪ የቀስት ፈቃድ ያለ ዕጣ ይገዛል፤ ከሌላ ክፍለ ግዛት ለሚመጣው ግን ይህ በር ከ2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአብዛኛው ተዘግቷል። ከሁሉ አስቀድመህ የአዳኞችን ትምህርት ውሰድ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው ያለ ምስክር ወረቀቱ ፈቃድ አያገኝም።

ዓላማው ሥጋ ከሆነ ጠመንጃ አይቀልም?

ይቀላል። ከአሥር ቀስተኞች ሥጋ ይዞ የሚመለሰው አንዱ ነው፣ ቢበዛ ሁለቱ። እኔ ቀስትን የምመርጠው በጊዜው ምክንያት ነው። የቀስት ወራት ሴፕቴምበር ነው፤ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ያሉት ሳምንታት ደግሞ ወንዱ ኤልክ ሴት ፍለጋ የሚጮህባቸው ናቸው። ጩኸቱ ከጉሮሮው በወፍራሙ ይጀምርና ወደ ቀጭን ፉጨት ይወጣል፤ መጨረሻው ማጓራት ነው። የት እንዳለ ራሱ ይነግርሃል ማለት ነው። ጠመንጃ በሚተኮስበት ወቅት ግን ዝም ብሎ ጥቅጥቅ ካለው ደን ይገባል።

ፈቃድህ ሁለቱንም ጾታ የሚያካትት ከሆነ፣ ምክሬ ሴቷን ጠብቅ ነው። ወንዱ በዚያ ሰሞን እምብዛም አይበላም፣ ሲዋጋ ይውላል፣ በራሱ ሽንት በራሰ ጭቃ ይንከባለላል፤ ሥጋውም እንደዚያው ነው። የሴቷ ለስላሳ ነው። ደግሞም መንጋውን የምትመራው እሷ ስለሆነች፣ እሷን ማታለል ከወንዱ ይልቅ ከባድ ነው።

ምን ዓይነት ቀስት ልግዛ?

ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው ቀስት (ኮምፓውንድ)፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ለክንድህ ርዝመት ተስተካክሎ። ሕጉ ቢያንስ 35 ፓውንድ የመሳብ ኃይልና ስፋቱ ከሰባት ስምንተኛ ኢንች የማያንስ የብረት ስለት ይጠይቃል። ቃታ ያለው ቀስት በቀስት ወራት አይፈቀድም። የአንተን የርቀት ወሰን የሚወስነው ልምምድህ ነው፤ ደክሞህና ልብህ እየመታ ፍላጻዎችህ ሁሉ ሳህን በሚያህል ቦታ የሚያርፉበት ርቀት እርሱ ነው። ለአብዛኛው ጀማሪ ከ30 ሜትር አይበልጥም። ከዚያ የራቀውን እንስሳ እያየህ ተወው።

ወንድሜ፣ ሁለት መስከረም ወጥቼ ኤልክ ሲሸሽ ብቻ ነው ያየሁት።

ነፋስ ነው። ኤልክ ዓይኑን ይጠራጠራል፣ ጆሮውንም ይጠራጠራል፤ አፍንጫውን ግን አይጠራጠርም። በተራራ ላይ ደግሞ ነፋስ ሰዓት አለው፦ ማለዳና ማታ ቀዝቃዛው አየር ወደ ሸለቆ ይወርዳል፣ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ይገለበጥና ወደ ላይ ይወጣል። ጠዋት ከላይ ወደ ታች ከወረድህ ጠረንህ ቀድሞህ ይደርሳል። የሕፃናት ገላ ፓውደር በትንሽ ጠርሙስ ያዝና በየጥቂት ደቂቃው ጨመቅ አድርገህ ብናኙ ወዴት እንደሚሄድ እይ። አዲስ የአደን ልብስ ለመግዛት ያሰብከውን ገንዘብ ለቤንዚን አድርገው።

ከተመታ በኋላ ወዲያው ልከተለው?

አትከተል። ጎኑን ሰጥቶህ ከፊት እግሩ ኋላ ሳንባውን ካገኘኸው ሩቅ አይሄድም፤ ቢሆንም ግማሽ ሰዓት ተቀመጥ። ከዚያ ፍላጻህን ፈልግና ደሙን ተመልከት። አረፋ ያለው ደማቅ ቀይ ከሆነ የሳንባ ነው። ጠቆር ያለ ከሆነ የጉበት ነው፤ ጥቂት ሰዓታት ይጠይቃል። አረንጓዴ ነገር ካለበትና ከሸተተ አንጀቱ ተመቷል፤ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ካልታገስህ አባርረኸው ታጣዋለህ።

ሥጋው ቤት ሳይደርስ የሚበላሽባቸው ሰዎች አሉ ይባላል። ለምን?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህን የጠየቀውን አመሰግናለሁ፤ ሰው ስለ ቀስቱ ወር ሙሉ ያወራና ስለዚህ ትንፍሽ አይልም። በመስከረም ቀትር ተራራው ላይም ይሞቃል። የኤልክ ቆዳ ወፍራም ነው፣ ጠጉሩ ለክረምት የተሠራ ነው፤ እንስሳው ቢሞትም ሙቀቱ ውስጡ ታፍኖ ይቆያል። መበላሸት የሚጀምረው ከላይ አይደለም፤ ጥልቅ ከሆነው ቦታ፣ ከጭኑ አጥንት ዙሪያ ነው። ላይ ላዩን ጥሩ የሚመስል ጭን ስትከፍተው ይሸታል።

ስለዚህ ፎቶግራፉን አሳጥረው። በጎኑ አስተኛውና ቆዳውን ከጀርባው መስመር ጀምረህ ግፈፍ፤ ሆዱን መክፈት ግድ አይደለም። የፊት እግሩ ከሰውነቱ ጋር በመገጣጠሚያ አልተያያዘም፤ በቢላዋ ብቻ ይለያል። የኋላውን ከዳሌው መጋጠሚያ አውልቅ። የጀርባውን ሥጋ በሙሉ ርዝመቱ፣ የአንገቱንም አንሳ፤ ከዚያ ገልብጠህ ሌላውን ጎን ድገም። ሽንጡ በመጨረሻ ከወገቡ ሥር በእጅ ይወጣል። ሌሊቱ ሞቃት ከሆነ ጭኑን እስከ አጥንቱ ሰንጥቀው። ጾታውን የሚያሳየው ክፍል ከአንዱ የሥጋ ብልት ጋር ተያይዞ መቅረት አለበት፤ ሕግ ነው። ሁሉንም አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት አድርገህ ጥላ ላይ ስቀል፤ በላስቲክ ከረጢት ያፈንከው ሥጋ ይበላሻል። ጥቁር ድብ በዙሪያህ አለና አንጀቱ ካለበት ራቅ አድርገህ ከፍ አድርገው።

አጥንቱ የወጣለት የሴት ኤልክ ሥጋ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ይሆናል። በ3,000 ሜትር ከፍታ አንድ ሰው በጀርባው ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይመላለሳል። ብቻህን ከሆንክ ከመኪናህ ሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ርቀህ አትደን። አህያ ካለህ በስተቀር።

እርስዎ እንደሚያውቁት እኛ ቤት ሥጋ ማለት ክትፎ ነው። የኤልክ ክትፎ እንዴት ነው?

እህቴ፣ ለብለብም ቢሆን አልመክርሽም። ይህ ሥጋ በቄራ ሐኪም አላየውም፤ ጠጉርና አፈር በነካው ቢላዋ ጫካ ውስጥ የተበለተ ነው። ፍሪዘር ባክቴሪያን አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ። የተፈጨው ውስጡ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ይብሰል።

የኤልክ ሥጋ ስብ የለውም ማለት ይቻላል፤ ያለችውም ስትቀዘቅዝ ምላስ ላይ ትረጋለች፣ ገፍፈሽ ጣያት። ሻኛ አትፈልጊ። ጥብስ ስታደርጊው ንጥር ቅቤውን አታሳሺ፣ እሳት ላይም አታቆይው፤ ይደርቃል። የሚያምርበት ግን ቋንጣ ነው። ስብ ስለሌለው ሳይሸት ይደርቃል፤ በኮሎራዶ ደረቅ አየር በሚጥሚጣና በጨው የታሸ ቋንጣ ሲሰቀል ዝንብ እንኳ ሳይነካው ይጠነክራል። አስቀድመሽ በምድጃ ብታሞቂው ግን ይሻላል። ለቀይ ወጥ የቅልጥሙንና የአንገቱን ሥጋ ያዢ፤ ሽንኩርቱ ውስጥ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል።

በቀስት የተገደለ ለክርስቲያን ይሆናል? ለሙስሊምስ?

ኤልክ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ነው፤ ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላንና ሚዳቋን ከሚበሉት ይቆጥራል። የቀረውን የንስሐ አባትህን ጠይቅ። ሙስሊም ጓደኞቼ ፍላጻውን ሲለቁ «ቢስሚላህ» ይላሉ፤ ስለቱ ወግቶ ከገደለው ይበላሉ፣ በሕይወት ከደረሱበት ያርዱታል።

ስለ አጋዘን የአንጎል በሽታ ሰማሁ። ልፍራ?

መርምር፣ ከዚያ ብላ። በሽታው መጀመሪያ የታየው በ1967 (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ኮሎራዶ ፎርት ኮሊንስ ውስጥ ነው። ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ የጤና ባለሥልጣናት ግን የተገኘበትን እንስሳ አትብሉ ይላሉ፤ ምግብ ማብሰልም አያጠፋውም። ጭንቅላቱን ለክፍለ ግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ስጥ። ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ለብቻው ጠቅልለህ አቆይ። አንጎልና የጀርባ አጥንት አትንካ።

የሚበቃኝ ፍሪዘር ስንት ሊትር ነው?

ለአንዲት ሴት ኤልክ 200 ሊትር ይተርፋል። አየሩን በሚመጥ ማሸጊያ ከታሸገና በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከተቀመጠ፣ እስከሚቀጥለው መስከረም ጣዕሙ አይጎድልም። በየጥቅሉ ላይ ብልቱንና ቀኑን ጻፍ።

ሬስቶራንት አለኝ። የተረፈህን በጥሩ ዋጋ ልግዛህ?

አይሸጥም። የታደነ የዱር ሥጋ መሸጥም መግዛትም በሕግ የተከለከለ ነው። ቤትህ ግን ለእራት ከጠራኸኝ ቋንጣ ይዤ እመጣለሁ፤ እንጀራው ከአንተ።