አያ ጅቦ ሆዳም ነው ያለው ማነው?

በዚህ ሳምንት የመጡት ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ላይ ያርፋሉ፦ ልጆች በተረት ውስጥ ያለን እንስሳ ባሕርይ ከፍንጭ ተነሥተው እንዴት ይገምታሉ?

ጥያቄ፦ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። የጅቡ ባሕርይ ምን ዓይነት ነው ስትባል ገና ሳታነብ «ሆዳም» ትላለች። መምህሯ አልተቀበሏትም። ምኑ ላይ ተሳሳተች? (እናት፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ቃሉ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ከገጹ አለመውጣቱ ነው። ጅብን ከአያቷ ተረት ስለምታውቀው መልሱን ይዛ ነው የምትመጣው። አንድ ጊዜ አብረው ያንብቡ። ሁለተኛ ሲያነቡላት «ጅብ» የሚለውን ትተው «እንግዳው» ይበሉ። ከዚያ ደብተሯ ላይ ሦስት ዓምድ ታስምር፦ ያደረገው፣ የተናገረው፣ ስለዚህ። ቢያንስ ሁለት ፍንጭ ሳይጻፍ ሦስተኛው ዓምድ አይሞላም። አንድ ጊዜ አብዝቶ የበላ ርቦት ይሆናል፤ ጠግቦም የልጆቹን ድርሻ ካነሣ ያኔ «ሆዳም» ትበለው።

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ ይህን ሰጠኋቸው፦ «ጦጢት ከበቆሎው ማሳ ዳር ተቀመጠች። ጠባቂው ማማው ላይ እስኪያንቀላፋ ጠበቀች። ከየረድፉ አንዳንድ እሸት ብቻ ቆርጣ ሄደች።» ገሚሱ «ሌባ»፣ ገሚሱ «ጠንቃቃ»፣ አንዳንዱም «ብልህ» አለ። የቱን ልቀበል? (መምህር፣ ከደምበጫ)

መልስ፦ ሦስቱም ከምንባቡ ይወጣሉ፤ እኩል ግን አይመዝኑም። የተሻለው ቃል ብዙ ፍንጭ የሚሸከመው ነው። «ሌባ» መቁረጧን ይነግረናል እንጂ ለምን እንደጠበቀች፣ ለምን አንዱን ረድፍ እንዳልጨረሰች አይነግረንም። ከየረድፉ አንዳንድ የወሰደችው ጎዶሎው እንዳይታወቅ ነው። «ጠንቃቃ» ይህንንም፣ መጠበቋንም ይይዛል። (በቆሎ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ይህን ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል። ባሕር ዳር መሐል ላደገው ግን ማማ ምን እንደሆነ አስቀድመው ይንገሩት፤ ካላወቀው ፍንጩ ያመልጠዋል።)

«ብልህ» ሲመጣ ክርክሩ ይደምቃል፤ አያስቁሙት። በዘዴ ራስን ማዳን ብልህነት ነው፤ በዘዴ ሌላውን መጉዳት ወደ ተንኮል ያዘነብላል። የተጎዳ አለ? ባለ ማሳው አለ። እንግዲያው ይህንኑ ታሪክ ጠባቂው እንደሚተርከው አድርገው ያጽፏቸውና የሚመርጡት ቃል ይለወጥ እንደሆነ ይዩ።

ጥያቄ፦ ልጄ የአህያዋን ባሕርይ ሲጠየቅ «አዝናለች» ብሎ ጻፈ። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ያ ስሜት ነው። «ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንዲህ ናት?» ብለው ይጠይቁት። ጭነቷ ሲወርድ ኀዘኗ ካለፈ ስሜት ነበር። በየገበያው ቀን ሳታጉረመርም ከተሸከመች ግን «ታጋሽ» ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ በተረት ጅቡን «አያ ጅቦ» እንለዋለን። ይህ አክብሮት ስለ ባሕርዩ ይናገራል? (አያት፣ ከሞጣ)

መልስ፦ ከተጠሪው ይልቅ ስለ ጠሪው ይናገራል። ጥንቸሏ ፊት ለፊት «አያ ጅቦ» ብላው ዘወር ሲል «ይሄ ጅል» ካለች፣ ክፍተቱ ራሱ ፍንጭ ነው። ሊበላት ይችል ከነበረ ፍርሃት ነው፤ ምንም ሳያሰጋት ከሥጋው እንዲያካፍላት ብላ ከሆነ ግን ሽንገላ ነው። «አንቱ» ወደ «አንተ» የሚለወጥበትን መስመር ልጆቹ እንዲያሰምሩበት ያድርጉ።

ጥያቄ፦ እውነተኛውስ ጅብ ፈሪና ጥንብ ለቃሚ ነው?

መልስ፦ ጥንብ ይበላል፤ ግን በመንጋ ሆኖ አድኖም ይበላል። በአገራችን በሚታወቀው ባለ ነጠብጣቡ ጅብ መንጋ ውስጥ የበላይነቱ የሴቶቹ ነው። ይህ ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይሁን።

ጥያቄ፦ የተረት መጽሐፍ ቤት ውስጥ የለንም። በምን እናለማምድ?

መልስ፦ በምሳሌያዊ አነጋገር። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ይበቃል፤ አስመሳይም ሆዳምም የሚል ቃል የለበትም። መጀመሪያ «የማያውቁት አገር ሄዶ» የሚለውን አውጥተው ለልጁ ይንገሩት፤ መኝታ የጠየቀ ተራ እንግዳ ይመስለዋል። ከዚያ መልሰው ያስገቡትና «አገሩ ላይ ሆኖ ለምን አልጠየቀም?» ይበሉት።