ኢል እባብ ነው ወይስ ዓሣ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ ከተማ ነው። ልጄ ኢል የተባለውን እባብ መሰል ፍጡር በሥዕል አይቶ «ዓሣ ነው ወይስ እባብ?» ሲል ጠየቀኝ። ከሐይቃችን የሚወጣው አምባዛም ረዘም ያለና ቅርፊት የሌለው በመሆኑ ከኢል ወገን ይቆጠር እንደሆነ፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ኢልም ከየትኛው እንደሚመደብ ብታብራሩልን።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኢል ዓሣ ነው። እባብ በሳንባ ሲተነፍስ ኢል የሚተነፍሰው በስንጥብ ሲሆን፣ አንጉይሊፎርምስ በተባለው ክፍለ መደብ ውስጥ ይገኛል፤ ይህ ክፍለ መደብ ወደ 1000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ሲይዝ፣ አብዛኞቹ የባሕር ነዋሪዎች ናቸው። የጀርባው፣ የጅራቱና ከሆዱ በስተኋላ ያለው ክንፍ እንደ ነጠላ ጥለት ሳይቋረጡ ዳርና ዳሩን ይዞራሉ፤ ከሆድ ሥር የሚገኘው ጥንድ ክንፍ ግን የለውም።

አምባዛ ይህ ጥንድ ክንፍ አለው፤ የጅራቱ ክንፍም ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ በአፉ ዙሪያም ረጃጅም ሪዞች አሉት። ስለዚህ ምደባው ሲሉሪፎርምስ በተባለ ሌላ ክፍለ መደብ ውስጥ ነው። የሚያስደንቀው፣ በደቡብ አሜሪካ ወንዞች የሚኖረውና እስከ 860 ቮልት የሚያመነጨው «ኤሌክትሪክ ኢል» በዝምድና ከእውነተኛው ኢል ይልቅ ለአምባዛ የሚቀርብ መሆኑ ነው። በመልክ መመሳሰል ብቻ ዝምድናን መወሰን ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

የአውሮፓ ኢል የሕይወት ጉዞ ለብዙ ዘመናት ተመራማሪዎችን ያስጨነቀ ነበር። እንደ ቅጠል ስስና ብርሃን አስተላላፊ የሆነው እጭ፣ ማለትም ከእንቁላል የሚወጣው ጨቅላ፣ ራሱን የቻለ ሌላ ዓሣ ተደርጎ ሲቆጠር ቆይቶ፣ ግራሲና ካላንድሩቾ የተባሉ ጣሊያናውያን በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢል ልጅ መሆኑን አረጋገጡ። ዴንማርካዊው ዮሐንስ ሽሚትም ትንንሾቹን እጮች እየተከተለ የመራቢያው ሥፍራ በአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚገኘው የሳርጋሶ ባሕር መሆኑን በ1922 እ.ኤ.አ. አሳወቀ። ኢሉ በወንዝና በሐይቅ ለዓመታት ካደገ በኋላ ለመራባት ወደዚያው ይመለሳል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ዓሣ ከባሕር ጋር የሚያገናኘው ውኃ ያስፈልገዋል። የእናንተ ሐይቅ ውኃ ወደ ውጭ የሚፈስበት ወንዝ የለውም፤ የቦርከናና የሚሌ ወንዞችም አዋሽን ይቀላቀላሉ እንጂ አዋሽ ራሱ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፣ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ስለሆነም ከባሕር ተነሥቶ በራሱ ዋኝቶ እናንተ ዘንድ ሊደርስ የሚችል ኢል የለም።