«ዋን ፐር ፐርቸዝ» ሲል አንድ ኩፖን ብቻ ማለት ነው?

ጥያቄው ይህ ነው፦ እህታችን ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሱፐርማርኬት ገብታ አምስት ጠርሙስ የልብስ ሳሙና ከአምስት ተመሳሳይ ኩፖን (የዋጋ ቅናሽ ወረቀት) ጋር አቀረበች። ካሸሯ (ሂሳብ ተቀባይዋ) «ዋን ፐር ፐርቸዝ፣ ለአንድ ግዢ አንድ ይላል» ብላ አንዱን ብቻ ተቀብላ አራቱን መለሰችላት። ልክ ናት ወይ ነው የምትለው።

እህቴ፣ በዚህ ቃል ላይ ካሸሯ ተሳስታለች። «ፐርቸዝ» የሚባለው የተገዛው እያንዳንዱ ዕቃ ነው። አምስት ጠርሙስ ከሆነ ፐርቸዙ አምስት ነው፣ አምስቱም ኩፖን ይሄዳል። «ዋን ፐር ትራንዛክሽን» ቢል ኖሮ ግን እውነቷን ነበር፤ ትራንዛክሽን አንድ ሪሲት (ደረሰኝ) ማለት ነውና። ወደ ስቶሩ ከመመለስሽ በፊት ግን ኩፖኑን እንደገና አንብቢው። ከስር በደቃቅ ፊደል «ሊሚት ፎር ላይክ ኩፖንስ ፐር ሾፒንግ ትሪፕ»፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ግዢ ከአራት ተመሳሳይ ኩፖን አይበልጥም የሚል ካለ አምስተኛው አያልፍም። አንዳንዱ ላይ ገደቡ 2 ነው። ሪሲቱን ለሁለት ብትከፍይውም አይጠቅምሽም፣ የተገደበው የዚያ ጊዜ ግዢሽ በሙሉ ነው።

ካሸሮች ለምን እንደሚፈሩ ማወቅ ጥሩ ነው፣ ክርክሩን ያበርደዋል። «ማኑፋክቸረርስ ኩፖን» (የፋብሪካ ኩፖን) የሚለው ወረቀት ስቶሩ ከኪሱ የሚያወጣው ቅናሽ አይደለም። ስቶሩ ኩፖኖቹን ሰብስቦ ይልካል፣ ፋብሪካውም በላዩ የተጻፈውን ዋጋና ለድካሙ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሳንቲም ጨምሮ ይከፍለዋል። ኩፖኑ ከተሸጠው ዕቃ ጋር ካልገጠመ ወይም ፎቶ ኮፒ ከሆነ ፋብሪካው አልከፍልም ይላል፣ ኪሳራው የስቶሩ ይሆናል። ኩፖኑን የሚያነበው የካሸሯ ማሽን ሲጮህ እሷ የምትደነግጠው ለዚህ ነው። መጮኹ ብቻውን ግን ኩፖኑ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ የዕቃው መጠን፣ ዓይነትና ብዛት ከጽሑፉ ጋር መግጠሙን ካሸሯ በዓይኗ አይታ ልትወስን ትችላለች። አልወስንም ካለች ማኔጀር ጥሪ፣ ጽሑፉን በጣትሽ አሳዪው።

በተቃራኒው ማሽኑ ስላልጮኸ ልክ ነው ማለትም አይደለም። የድሮው ባርኮድ የዕቃውን «ቤተሰብ» በጥቅሉ ነበር የሚያነበው። ስለዚህ የትልቁ ጠርሙስ ኩፖን በትንሿ ላይ ያልፍ ነበር፣ ብዙ ሰውም ይህን ቀዳዳ ይጠቀምበት ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2011 ወዲህ በ8110 የሚጀምረው ጥቅጥቅ ያለ ባርኮድ መጣ፤ ስንት ዕቃ መገዛት እንዳለበትና የሚያበቃበትን ቀን ጭምር ይይዛል። ሥዕሉንም አትመኚው፤ ብዙ ጊዜ የሚሳለው ውዱ ዓይነት ነው፣ የሚወስነው ግን ጽሑፉ ነው።

አሁን ገንዘቡ ያለበት ቦታ፣ የአሰጣጥ ቅደም ተከተል። የ26 ዶላር ዕቃ ይዘሻል እንበል፤ አንድ «ከ25 ላይ 5 ቅናሽ» የሚል የስቶሩ ኩፖንና አንድ የ3 ዶላር የፋብሪካ ኩፖን አለሽ። መጀመሪያ በስቶሩ የተመዘገብሽበትን ስልክ ቁጥር አስገቢ፣ ዕቃው ሁሉ ይቆጠር፣ ከዚያ የ5 ዶላሩን ስጪ፣ የ3ቱን አስከትዪ፤ 18 ትከፍያለሽ። የ3ቱን ካስቀደምሽ ሂሳቡ 23 ላይ ይወርድና በአንዳንድ ማሽን የ5ቱ ኩፖን «25 አልሞላም» ተብሎ ይመለሳል።

በአንድ ዕቃ ላይ የሚፈቀደው በተለምዶ አንድ የፋብሪካና አንድ የስቶር ኩፖን ነው። በአፕ የምትጭኚው ዲጂታል ኩፖን አብዛኛው የፋብሪካ ነው፤ በዚያው ዕቃ ላይ ወረቀት መደረብ አይቻልም። «አንድ ሲገዙ አንድ ነጻ» በሚባል ሽያጭ ላይ ብዙ ስቶሮች በሁለቱም ዕቃ ላይ ኩፖን ይቀበላሉ፣ የየስቶሩን የኩፖን ፖሊሲ ግን ከድረ ገጹ አትመሽ ያዢ። ታክሱም እንዳያስደነግጥሽ፦ ሜሪላንድ 6 በመቶው የሚሰላው የፋብሪካ ኩፖን ሳይቀነስ ነው። 10 ዶላር ሳሙና በ3 ዶላር ኩፖን ብትገዢ ታክሱ 60 ሳንቲም ነው፣ 42 አይደለም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ፤ በቴሌግራም የሚሸጥ «ነጻ ዕቃ» የሚል ኩፖን አትግዙ። እውነተኛው ኩፖን ራሱ ሲሸጥ ወይም ለሌላ ሲተላለፍ ዋጋ እንደሌለው ጽሑፉ ላይ አለ፣ የሚሸጠው ደግሞ የተሠራ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። እዚሁ ጎረቤታችን ቨርጂኒያ ቢች ሐሰተኛ ኩፖን እያዘጋጀች በቴሌግራምና በመሳሰሉት መተግበሪያዎች ትሸጥ የነበረች ሴት በ2021 የ12 ዓመት እስር ተፈርዶባታል፤ ጉዳቱ ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

እህቴ፣ የአራቱ ኩፖኖች ቀን ካላለፈ ሪሲቱንና ኩፖኖቹን ይዘሽ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ጠዋት በሥራ ቀን፣ ወደ ከስተመር ሰርቪስ ሂጂ። ሂሳቡን የሚያስተካክሉ አሉ። እምቢ ካሉሽ ሳሙናውን ሳትከፍቺ መልሺና ኩፖኑን ሌላ ስቶር ውሰጂው፤ የአንድ ስቶር ስም ከሌለበት የፋብሪካ ኩፖን ያ ሳሙና በሚሸጥበትና ኩፖን በሚቀበል ማንኛውም ስቶር ይሠራል።