መልስ፦ ከሃንግዡ ምን ይዤ ልመለስ?

እህቴ፣ በጥቅምት መጀመሪያ ወደ ቻይናዋ ከተማ ሃንግዡ ስትሄጂ ለእናትሽና ለባልደረቦችሽ ምን ብትገዢ እንደሚሻል ጠይቀሻል። ወቅቱ ራሱ ይመርጥልሻል። በመኸር ከተማዋን በመዓዛው የሚያውዳት ጉይኋ የሚባል ጥቃቅን ቢጫ አበባ ነው፤ የከተማዋ መለያ አበባም እሱ ነው። ደርቆ በትንንሽ ብልቃጥ ይሸጣል። ሻይ ላይ ቆንጠር አድርጎ መጨመር ብቻ ነው፤ ሽታው የበሰለ ኮክ ያስታውሳል። ለእናትሽ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሎንግጂንግ የሚባለው የሃንግዡ ታዋቂ አረንጓዴ ሻይ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ምርጡ የሚለቀመው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት ሳያልቅ ነው፤ ስለዚህ በጥቅምት «ትናንት የተለቀመ» እያለ የሚያባብልሽን ነጋዴ እለፊው። እኔ ሳልቀምስ ግማሽ ኪሎ ገዝቼ ቤት ገብቼ ባፈላው ድርቆሽ ድርቆሽ አለኝ። አሁንም ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል።

ሐር ከወደድሽ ከጫፉ አንድ ክር ተመዝዞ ይቃጠልልሽ። እውነተኛው የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲታሽ ይደቅቃል፤ ሰው ሠራሹ ግን እንደ ላስቲክ ቀልጦ ይጠጥራል። ክር አላስመዝዝም ካለሽ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

ለባልደረቦች የሚታጠፍ ማራገቢያ ይበቃል፤ ሻንጣ አያከብድም። ልብስ ሰፊ ዘመድ ካለሽ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1663 ጀምሮ ስሙ የሚጠራውን፣ ዣንግ ሺያዎጭዋን የሚባለውን የሃንግዡ መቀስ ውሰጂለት። ብቻ በእጅሽ በምትይዢው ቦርሳ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቺው።