ለአጭርና ቀላል 44 ስፔሻል ሪቮልቨር ምን ዓይነት ጥይት ይስማማል?

አምስት ጥይት የሚጎርስ፣ በርሜሉ አጭር የሆነ 44 ስፔሻል ሪቮልቨር የገዙት አባላችን ከሚሸጡት ጥይቶች ሁሉ ከባዱንና ኃይለኛውን ቢመርጡ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ለዓመታት እንደያዘ ሰው መልሴ አይሻልም የሚል ነው። ሁለተኛውን ጥይት ዒላማው ላይ በፍጥነት እንዲያሳርፉ የማያስችል ጥይት፣ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው ለዚህ ሽጉጥ አይሆንም።

44 ስፔሻል የተባለው የጥይት ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1907 ሲወጣ የታሰበው ለትልልቅ ሪቮልቨሮች ነበር። የቆየው መደበኛ ጥይት 246 ግሬን፣ ማለትም 16 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር በሰከንድ 230 ሜትር ገደማ ይወረውራል። ይህ በከባድ ሽጉጥ ሲተኮስ ለስላሳ ነው፤ ባዶውን 600 ግራም በማይሞላ ሽጉጥ ሲተኮስ ግን ርግጫው መዳፍን ያማል። ስለዚህ እኔ 200 ግሬን ገደማ በሚመዝን አረር መጀመርን እመክራለሁ።

ብዙዎች የማያስቡት ችግር ደግሞ አለ። ሽጉጡ በተራገጠ ቁጥር ጥይቶቹን በሚይዘው ተሽከርካሪ ሲሊንደር ውስጥ ተራቸውን የሚጠብቁት ጥይቶች ቀለህ ወደ ኋላ ሲሳብ፣ በደንብ ያልተጨመቀው አረር ባለበት ለመቆየት ስለሚታገል ቀስ በቀስ ከቀለሁ ይወጣል፤ ጫፉ ከሲሊንደሩ ፊት ካለፈም ከበርሜሉ መነሻ ጋር ይጋጭና ሲሊንደሩ አልዞርም ይላል። ቃታውን ደግሞ በመሳብ የሚፈታ እክል አይደለም። ሽጉጡ በቀለለ፣ አረሩም በከበደ መጠን አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ማንኛውንም አዲስ ጥይት ሲሞክሩ አራቱን ይተኩሱና አምስተኛውን አውጥተው ርዝመቱን ካልተነካ ጥይት ጋር ያስተያዩ። ከረዘመ፣ ያ ጥይት ለእርስዎ ሽጉጥ አይደለም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ጫፉ ጎድጓዳ የሆነ አረር ሥጋ ውስጥ ሲገባ እንዲሰፋ ፍጥነት ይፈልጋል፤ አጭር በርሜል ደግሞ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በሕግ የተፈቀደ ከሆነ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት እንዲሰፋ ተብሎ የተሠራውን ይምረጡ። ካላገኙ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ የእርሳስ አረር አይናቁ፤ ወርዱ ሳይሰፋም 11 ሚሊሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው።

ከስፔሻል የሚበረታው የ44 ማግነም ጥይት ቀለህ በ3 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚረዝም በደህና ስፔሻል ሲሊንደር ውስጥ አይገባም፤ ሊያስገቡትም አይሞክሩ። ከመደበኛው በላይ ግፊት ያላቸውን ስፔሻል ጥይቶች ግን ሲሊንደሩ ስለሚቀበላቸው፣ አምራቹ በመመሪያው ካልፈቀደ በስተቀር ይተዉአቸው። ማን እንደሞላው የማይታወቅ ጥይትም እንዲሁ።

በመጨረሻም ዒላማ ላይ ያረጋግጡ። በእነዚህ ሽጉጦች ማነጣጠሪያው አብዛኛውን ጊዜ የማይስተካከል ነው፤ ከባድና ዘገምተኛ አረር በርሜሉን ለቅቆ እስኪወጣ አፈሙዙ ይበልጥ ስለሚነሣ ከፍ ብሎ ይመታል፣ ቀላልና ፈጣኑ ዝቅ ይላል። ሁለት ሦስት ዓይነት በትንሽ በትንሹ ገዝተው በ7 ሜትር ርቀት ይሞክሩና ካነጣጠሩበት የሚያርፈውን ያስቀሩ፤ ለልምምድም ርካሽ ቢሆን እንኳ ክብደቱና ፍጥነቱ ከእርሱ ጋር የተቀራረበ ጥይት ይግዙ።