ሰፊ ቲሸርትን በቤት ውስጥ ማጥበብ

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ የገዛሁት የጥጥ ቲሸርት ትከሻው ልኬ ሆኖ ሳለ ጎኑ እጅግ ሰፋብኝ። በቤቴ ባለው የስፌት መኪና ላጠብበው እችላለሁን? (አንባቢ፣ ከሐረር)

መልስ፦ ትከሻው ልክዎ ከሆነ ዋናው ችግር የለም። ጥጥ ሲታጠብ ሊሰበሰብ ስለሚችል አስቀድመው አጥበው ያድርቁት። ከዚያም ገልብጠው ይዘርጉትና፣ ልክዎ የሆነ ሌላ ቲሸርት በላዩ አንጥፈው፣ ከብብት እስከ ታችኛው ጠርዝ በቀጭን ሳሙና ያስምሩ። እባክዎ መቀስ አያስቀድሙ፤ በመርፌ ቁልፍ አያይዘው ለብሰው ይሞክሩት፤ ሲቆርጡም ከመስመሩ ውጭ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ጨርቁ የሚለጠጥ በመሆኑ ቀጥ ያለ ስፌት ሲሳብ ይበጠሳልና ጠባብ ዚግዛግ (ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ስፌት) ይስፉ፤ እየጎተቱም አይስፉ፣ ጠርዙ ይወላገዳል። ትከሻውም ሰፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ እጅጌውን ፈትቶ መልሶ መግጠም ስለሚጠይቅ፣ በሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በተባለው መንገድ ለሚገኙት ልብስ ሰፊዎች እንዲሰጡት እመክርዎ ነበር።